ሰሌዳውን እስከ ታች ያነበበ ልጅ ሁሉ ዓይኑ ደህና ነው? ስለ ድብቅ ሃይፐሮፒያ ማወቅ ያለብን

ዛሬ ብዙ ወላጅ "ስንፍና ነው" ብሎ ስለሚያልፈው፣ አንዳንዴም ምርመራ ተደርጎ ሳይታይ ስለሚቀር አንድ የዓይን ችግር እናወራለን።

በምሳሌ እንጀምር። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አለች እንበል። መጽሐፍ ይዛ ከተቀመጠች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላት ግንባሯን ትይዛለች። ዓይኗን ታሻለች፣ መስመር ትዘላለች፣ ከዚያ ደብተሯን አጥፋ ትነሳለች። ትምህርት ሲዘጋ ግን ራስ ምታቱ የለም። እናት "ጥናት ሲባል ነው የሚያማት" ትላለች፤ አባት "ስልኩ ነው" ይላል። በመጨረሻ ምርመራ ትወሰዳለች። 6 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር ቁጭ አድርጋ ታነበዋለች። "ዓይኗ ምንም አልሆነም" ተብላ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላማ ማን ያምናታል?

ግን እኮ ልጅቷ አልዋሸችም። ሰሌዳውም አልዋሸም። ሰሌዳው የሚነግረን ማየት መቻሏን ብቻ ነው፤ ለማየት ስንት ጉልበት እንዳወጣች አይነግረንም።

ሃይፐሮፒያ ምንድን ነው?

በደንብ ለማየት ብርሃን ሬቲና በሚባለው የዓይን የኋላ ክፍል ላይ በትክክል ማረፍ አለበት። ሃይፐሮፒያ ያለበት ሰው የዓይን ኳሱ ከፊት ወደ ኋላ አጠር ያለ፣ ወይም የዓይኑ የፊት ክፍል ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ ምስሉ ከሬቲናው ኋላ ይሄድበታል።

በተለምዶ "ሩቅ ያያል፣ ቅርብ አያይም" ይባላል። ይህ አነጋገር ታዳጊዎች ላይ ሲሆን ያሳስታል። ምክንያቱም ታዳጊው ሁለቱንም ሊያይ ይችላል። በዓይን ውስጥ ያለ ትንሽ ጡንቻ ሲኮማተር ሌንሱ ይወፍርና ምስሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የ15 ዓመት ልጅ ሌንስ ገና ለስላሳ ስለሆነ በዚህ መንገድ ከ10 ዳይኦፕተር በላይ ማካካስ ይችላል። ዳይኦፕተር ማለት መነጽር ቤት "ፕላስ 2"፣ "ማይነስ 1" ሲሉ የምንሰማው ቁጥር መለኪያ ነው።

ሂሳቡን እንየው። ሃይፐሮፒያ የሌለበት ዓይን ሩቅ ሲያይ ጡንቻው ያርፋል። መጽሐፍ በ33 ሳንቲ ሜትር ይዞ ሲያነብ ደግሞ 3 ዳይኦፕተር ይሠራል። ፕላስ 3 ሃይፐሮፒያ ያለባት ልጅ ግን ጥቁር ሰሌዳውን ለማየት ብቻ 3፣ ለማንበብ ደግሞ 6 ታወጣለች። ጓደኛዋ ጀሪካኑን አውርዳ እያረፈች የምትሄድ ከሆነ፣ እሷ ጠዋት ያነሳችውን ጀሪካን እስከ ማታ አላወረደችም። ታዲያ ራሷን ቢያማት ምን ይገርማል?

"ድብቅ" የሚባለውስ ለምንድን ነው?

ጡንቻው ለዓመታት ሳያርፍ ስለኖረ መላቀቅ ያቅተዋል። ፕላስ ሌንስ ቢደረግለት እንኳ ሙሉ በሙሉ አይፈታም። ስለዚህ በተራ ምርመራ የሚታየው ከፊሉ ብቻ ይሆናል፤ ቀሪው ይደበቃል። ይህን ጉዳይ በሰፊው ያብራራው ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ፍራንሲስከስ ዶንደርስ ነው፤ መጽሐፉ በ1864 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የሚገርመው፣ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ በ1862 ያዘጋጀው ኸርማን ስኔለን የእሱው ባልደረባ ነበር።

ሌላም አደጋ አለ። ጡንቻው በጣም ሲጨናነቅ ሩቁም ሊደበዝዝ ይችላል። ያን ጊዜ ያለ ጠብታ በማሽን ብቻ የተለካች ልጅ ቅርብ እንጂ ሩቅ እንደማታይ ተቆጥራ ማይነስ መነጽር ሊታዘዝላት ይችላል። ይህ ደግሞ በጀሪካኑ ላይ ሌላ ጀሪካን መጨመር ነው።

ምን ምን ምልክት እንከታተል?

👉 ካነበቡ በኋላ የሚመጣ የግንባር ወይም የዓይን ዙሪያ ሕመም
👉 ፊደል መደብዘዝ፣ ከዚያ ተመልሶ መጥራት
👉 ከመጽሐፍ ቀና ሲሉ ሩቁ ለጥቂት ጊዜ መደብዘዝ
👉 ዓይን ማሸት፣ ማልቀስ፣ ድካም
👉 መስመር መዝለል፣ ንባብ መሸሽ
👉 ዓይን ወደ አፍንጫ መንሸዋረር

እርግጥ ራስ ምታት ሁሉ ከዓይን አይመጣም። በተለይ ጠዋት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ማስታወክ ያለበት ራስ ምታት፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ወይም ድንገት የማየት መቀነስ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ምርመራው እንዴት ነው?

የዓይን ሐኪም ወይም ኦፕቶሜትሪስት ጋ ስትሄዱ "ጠብታ ተደርጎላት ትለካልን?" ብላችሁ ጠይቁ። ሳይክሎፔንቶሌት የተባለው ጠብታ ጡንቻውን ለጊዜው ያላቅቀዋል። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ባለሙያው በዓይን ውስጥ ብርሃን እያሳለፈ ትክክለኛውን ቁጥር ይለካል። እንደኛ ጥቁር ዓይን ላይ መድኃኒቱ ዘግየት ብሎ ስለሚሠራ ጠብታው ሊደገም፣ ጥበቃውም ሊረዝም ይችላል፤ አትቸኩሉ።

ጠብታው ሲገባ ትንሽ ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ቅርብ ይደበዝዛል፣ ብርሃንም ያስቸግራል። ስለዚህ ኮፍያ ይያዝ፣ ልጅቷም ብቻዋን አትመለስ፣ ቀኑም የፈተና ዋዜማ አይሁን። የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም ወይም የመድኃኒት አለርጂ ካለባት አስቀድማችሁ ተናገሩ።

መነጽሩ ሲመጣ

የሚታዘዘው ፕላስ ሌንስ ነው። ባለሙያው ጠብታው ያሳየውን ቁጥር በሙሉ ላያዝ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከፊሉን ጀምሮ ቀስ በቀስ ያሳድገዋል። የዓይን መንሸዋረር ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ይታዘዛል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ልጅቷ መነጽሩን አድርጋ "ሩቁ ደበዘዘብኝ፣ ያለሱ ይሻለኛል" ልትል ትችላለች። እውነቷን ነው፤ ጡንቻው ገና ስላልለቀቀ ነው። "ያስቸግራት ከሆነ ይቅር" ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከመክተት ለጥቂት ሳምንታት በታዘዘው መሠረት ማድረግ ያስፈልጋል። ካልተሻላት ባለሙያው ጋ ተመልሶ ማስተካከል ነው።

በቀጣዩ ቀጠሮ ቁጥሩ ቢጨምርም አትደንግጡ። "መነጽሩ ዓይኗን አበላሸው" ይባላል፤ አይደለም። ጡንቻው ሲላቀቅ ተደብቆ የነበረው እየወጣ ነው።

መንገድ ላይ የሚሸጠውን የንባብ መነጽር በግምት መግዛትስ? እሱም ፕላስ ነው፤ ግን ሁለቱም ዓይን እኩል ላይሆን፣ አስቲግማቲዝምም ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ መለካት ይቅደም።

መምህራንም አንድ ነገር እንለምናችሁ። ቃል ስትጠየቅ የምትመልስ፣ ስታነብ ግን የምትደክም ተማሪ ካለች፣ "ሰነፍ" ከማለታችሁ በፊት ወላጆቿን "ዓይኗ በጠብታ ታይቷል?" ብላችሁ ጠይቁልን።

ይህን ጽሑፍ ልጁ "ራሴን" እያለ ለሚያስቸግረው ወዳጃችሁ አካፍሉ። ምናልባት ያ ልጅ እስካሁን ያጣው የሚያምነው ሰው ይሆናል።