ጂፒኤስ መንገድ እንዴት ይመርጣል? እስከ የትስ እንመነው?

በአሁኑ ወቅት አገሩን የማያውቅ ሰው ወደ ደሴ ሲመጣ መንገድ የሚጠይቀው ስልኩን ነው። ስልኩም ምንም ሳያመነታ “ከ300 ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፉ” ይለዋል። አንዳንዱ ሾፌር የተባለውን ሁሉ ይቀበላል። ሌላው ደግሞ “ይሄ የፈረንጅ ዕቃ የእኛን አገር መንገድ የት ያውቀዋል!” ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ መሣሪያው የሚሠራው አንድ ሥራ ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ነው። መጀመሪያ የት እንዳለን ያውቃል። ቀጥሎ ከብዙ መንገዶች አንዱን ይመርጣል። ለመምረጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ መንገድ ዋጋ ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱን ለየብቻ አይቶ የትኛው ምን ያህል እምነት እንደሚገባው ማሳየት ነው።

የት ነው ያለሁት?

ጂፒኤስ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመረው ሥርዓት ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 20,200 ኪ.ሜ. ያህል ርቀው በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት “እኔ እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱም ይህ ነው” የሚል መልእክት ይልካል። ስልካችን መልእክቱ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያገኛል። ሦስት ሳተላይቶች ቦታውን ለመለየት ይበቃሉ። ነገር ግን የስልካችን ሰዓት እንደ ሳተላይቱ ሰዓት ትክክለኛ ስላልሆነ ስህተቱን የሚያርም አራተኛ ያስፈልጋል። አንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስህተት 300 ሜትር ያሳስታልና።

በሳተላይቱ ላይ ያለው ሰዓት በአንስታይን ንድፈ ሐሳብ መሠረት ከምድር ሰዓት በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ይህ ባይታረም ኖሮ ስህተቱ በአንድ ቀን ብቻ ከ10 ኪ.ሜ. ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2000 ድረስ አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባው ነበር። ይህ ከቀረ ወዲህ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ የተለመደ ስልክ በአምስት ሜትር አካባቢ ልዩነት ቦታችንን ይነግረናል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንደናገርበት ነገር አለ። የሳተላይቱን ምልክት ለመቀበል ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድና የትራፊክ ሁኔታን ለማወቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ካርታውን አስቀድሞ በስልኩ ያስቀመጠ ሰው ቦታውን ማየት ይችል ነበር። ያላስቀመጠው ግን በባዶ ስክሪን ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ነው የሚያየው።

በእርግጥ ምልክቱ የሚደክምበት ቦታ አለ። በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ጨርሶ አይገባም። ገደል በጋረደው መታጠፊያ ላይም ምልክቱ ከዓለቱ ነጥሮ ስለሚመጣ ነጥቧ ከመንገዱ ወጣ ልትል ትችላለች። ይሁን እንጂ በጥቅሉ ሲታይ ይህኛው ሥራ በደንብ ሊታመን የሚችል ነው።

ከደሴ እስከ ባቲ

ሁለተኛው ሥራ ምርጫው ነው። ለኮምፒውተር መንገድ ማለት በነጥቦችና በመስመሮች የተሠራ መረብ ነው። ነጥቦቹ መገናኛዎችና ከተሞች፣ መስመሮቹ ደግሞ መንገዶች ናቸው። በዚህ መረብ ላይ አጭሩን መንገድ የሚያገኘውን ዘዴ ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1956 አስቦ በ1959 አሳተመው።

ዘዴውን በምናውቀው አገር እንየው። ከደሴ ተነስተን ባቲ መሄድ እንፈልጋለን እንበል። ለቀላልነት ጥቂት ከተሞችን ብቻ፣ ርቀታቸውንም በግምት እንውሰድ። ከደሴ በቀጥታ የሚደረስባቸው ኩታበር 20፣ ኮምቦልቻ 25፣ ሐይቅ 30፣ ወረኢሉ 90 ኪ.ሜ. ናቸው። ዘዴው ሁልጊዜ ከዝርዝሩ ውስጥ ቅርቡን ያነሳና “ይህ አለቀ” ብሎ ይዘጋዋል። መጀመሪያ ኩታበር ተዘጋ። ቀጥሎ ኮምቦልቻ ተዘጋ። ኮምቦልቻ ሲዘጋ ከእርሱ የሚቀጥሉት ዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ፤ ባቲ 25 ሲደመር 40፣ ማለትም 65፤ ከሚሴ 25 ሲደመር 50፣ ማለትም 75። ከዚያ ሐይቅ በ30 ተዘጋ። አሁን ከቀሩት ሁሉ ትንሹ 65 ስለሆነ ባቲ ተዘጋ፣ ሥራውም አለቀ።

መልሱ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? ከዚህ ያጠረ ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ ገና ካልተዘጉት ነጥቦች በአንዱ በኩል ማለፍ ነበረበት። እነርሱ ግን ሁሉም ከ65 በላይ ናቸው። ስለዚህ ዘዴው ይመስለኛል አይልም፤ በተሰጠው ቁጥር ላይ ፍጹም እርግጠኛ ነው።

ጉድለቱ ለፍቶ መገኘቱ ነው። ባቲ በምሥራቅ ሳለ በሰሜን ያሉትን ኩታበርንና ሐይቅን ጭምር ፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ1968 በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የተሠራው “ኤ ስታር” የተባለው ዘዴ ይህን አሻሽሏል። እያንዳንዱ ነጥብ ከመድረሻው በቀጥታ መስመር ምን ያህል እንደሚርቅ እያየ ወደ ዒላማው ያደላል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ደግሞ የአውራ ጎዳናዎቹን አቋራጭ ስሌት አስቀድመው ሠርተው ስለሚያስቀምጡ የአገር ስፋት ያለውን መረብ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። እንግዲህ ይህም ሥራ የሚታመን ነው ማለት ነው።

ሐረጎ በካርታና ሐረጎ በእግረ መሬት

ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ሹፌር የሚፈልገው ቶሎ መድረስ ስለሆነ መሣሪያው ኪሎ ሜትሩን ወደ ደቂቃ መለወጥ አለበት። ለዚህም የእያንዳንዱን መንገድ ፍጥነት ማወቅ ይኖርበታል። ታዲያ ከየት ያመጣዋል?

አንደኛው ምንጭ የመንገዱ ደረጃ ነው። ለምሳሌ ኦኤስአርኤም የሚባለውና አሠራሩ ለማንም ክፍት የሆነው ፕሮግራም ለመኪና ይዞት የሚመጣው መነሻ ልክ ለዋና አውራ ጎዳና በሰዓት 85፣ ለአንደኛ ደረጃ መንገድ 65፣ ለሁለተኛ 55፣ ለሦስተኛ 40 ኪ.ሜ. ነው። ዳገት በዚህ መነሻ ልክ ውስጥ የለም። ደሴና ኮምቦልቻ እንደ አሞራ ቢበሩ ከ12 እስከ 13 ኪ.ሜ. ብቻ ናቸው የሚራራቁት። በመኪና 25 ያህል የሚሆነው ሐረጎ ላይ እየተጠማዘዝን ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ስለምንወጣ ወይም ስለምንወርድ ነው። 25 ኪ.ሜ. በ85 ሲሰላ 18 ደቂቃ ይመጣል። እስቲ ሐረጎን በ85 የሚወጣ ማን ነው? ተሳቢው በመጀመሪያ ማርሽ እያቃሰተ ከፊት ሲሄድ፣ ጉም ሲወርድ፣ በአማካይ በ35 ብንሄድ እንኳ 43 ደቂቃ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ ለያዘ መኪና በ18ና በ43 መካከል ያለው ልዩነት ተራ የቁጥር ጉዳይ አይደለም።

ከዚህም የከፋ አለ። የተሳሳተ ዋጋ የመድረሻ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ምርጫውንም ያበላሻል። “ሀ” መንገድ 60 ኪ.ሜ. ጠመዝማዛ አስፓልት፣ “ለ” መንገድ 50 ኪ.ሜ. ሜዳማ ፒስታ ነው እንበል። መሣሪያው ሀን በ85 አስልቶ 42 ደቂቃ፣ ለን በ40 አስልቶ 75 ደቂቃ ይላል፤ ሀን ይመርጣል። ነገር ግን ሀ ላይ የሚቻለው 40 ብቻ ቢሆን 90 ደቂቃ ይፈጃል፣ የተሻለውም ለ ነበር። ስሌቱ ትክክል ሆኖ መልሱ ስህተት መጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የተጠቃሚዎች ስልክ ነው። ጎግል ማፕስ በመንገዱ ላይ ያሉ ስልኮች በምን ፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱ እያየ ይገምታል። ጀርመናዊው አርቲስት ሲሞን ቬከርት እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረገው ሥራው 99 ስልኮችን በትንሽ ጋሪ ጭኖ በበርሊን ባዶ ጎዳና ላይ በእግሩ ሲጎትት ካርታው መንገዱን “ተጨናንቋል” ብሎ ቀይ አደረገው። መሣሪያው መኪና አያይም፤ ስልክ ነው የሚያየው። ዳታ የከፈተ ስልክ ብዙ በሚያልፍበት ጎዳና ግምቱ ጥሩ ይሆናል። ጥቂት ስልክ ብቻ በሚያልፍበት የገጠር መንገድ ግን ግምቱ የሚቆምበት መሠረት ስስ ነው።

ካርታው የማይነግረን

የመንገድ መዘጋትም እንደዚሁ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰበት ጊዜ የአዲስ አበባው ዋና መንገድ ተቆርጦ ነበር። መንገዱ በመቆረጡ ግን መስመሩ ከካርታ ላይ አይፋቅም፤ አንድ ሰው ካልነገረው በቀር መሣሪያው ክፍት ነው ብሎ ያሰላል። ናዳ የዘጋው መንገድም ሆነ ጎርፍ የወሰደው ድልድይ እንዲሁ ነው። ከደሴ በወረኢሉ፣ በደጎሎና በዓለም ከተማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መስመር በስክሪን ላይ አንድ ቀጭን ክር ነው። በመሬት ላይ ግን የወንጪትንና የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት። ይህን ክር ብቻ አይቶ በክረምት፣ ያውም በማታ የሚገባበት ሰው ሊያስብበት ይገባል።

የስም ጉዳይም አለ። ኮምቦልቻ የሚባል ቦታ በእኛ በወሎ ብቻ ሳይሆን በሐረር አጠገብ በምሥራቅ ሐረርጌም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ካፕሪ ደሴት የሚጓዙ ስዊድናውያን ሁለት ፊደል አገላብጠው በመጻፋቸው በሰሜን ኢጣሊያ ካርፒ የምትባል ከተማ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ደግሞ የአውስትራሊያ ፖሊስ የአፕል ካርታ ሚልዱራ የተባለችውን ከተማ 70 ኪ.ሜ. ያህል ርቆ በረሃማ ፓርክ ውስጥ እንዳስቀመጣት ለሹፌሮች አስጠንቅቆ ነበር። ሙቀቱ እስከ 46 ዲግሪ የሚደርስበት ቦታ ነው። እዚያም ቢሆን የሳተላይቱም የመንገድ መራጩም ጥፋት አልነበረም፤ ካርታው ላይ የተጻፈው ነበር የተሳሳተው።

ታዲያ እንመነው?

“የት ነህ?” ብለን ስንጠይቀው እንመነው። “ከእነዚህ ቁጥሮች ትንሹ የቱ ነው?” ስንለውም እንመነው። “መንገዱ እንዴት ነው?” ለሚለው ግን ዛሬ ከዚያ የመጣውን ሾፌር መጠየቅ ይሻላል። መናኸሪያ ውስጥ ያለ አንድ ረዳት ሐረጎ ላይ መኪና ተገልብጦ መንገድ እንደተዘጋ ከየትኛውም ሳተላይት ቀድሞ ያውቃል። በተግባር ሲታይ ጥንቃቄው ቀላል ነው፤ ካርታውን ከመነሳት በፊት ማውረድ፣ መድረሻውን በስም ብቻ ሳይሆን በካርታው ላይ በዓይን አይቶ ማረጋገጥ፣ በተራራ መንገድ ለተነገረን ደቂቃ ጨመር ማድረግ፣ የማናውቀውን “አቋራጭ” ሳይጠይቁ አለመግባት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላልና።

ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለውን ካርታ ማንም ሰው ማረም ይችላል። ከደሴ ኮምቦልቻ የምንመላለስ ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም። ሽቅብና ቁልቁል፣ በበጋና በክረምት፣ በሚኒባስና በአውቶቡስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በስልካችን ብንመዘግብ ለመመረቂያ ጥናት የሚበቃ መረጃ ይወጣዋል። የመንገዱን ዓይነትና ትክክለኛ ፍጥነት ካርታው ላይ ብናስገባ ደግሞ ያ 18 ደቂቃ ይታረማል። ካርታው የማያውቀንን ያህል እኛም ራሳችንን አልነገርነውም እኮ!