የጠፋ የመስማት ኃይል ይመለሳልን?



አዛን ሲባል ሌላ ሰው ካልነገራቸው የማያውቁ፣ የፊተኛው ሶፍ ላይ ተቀምጠውም ኹጥባው የማይሰማቸው አባቶች በየመስጂዱ አሉን። ልጆቻቸውም «ሕክምናው እንዲህ በረቀቀበት ዘመን ለዚህ መርፌ አልተገኘም ወይ?» ይላሉ።

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ጫፋቸው ፀጉር የሚመስል 15,000 ያህል ጥቃቅን ህዋሳት አሉ። ድምፅ ሲያወዛውዛቸው መልእክቱን በነርቭ በኩል ለአንጎል ያደርሳሉ። የሰው ልጅ እነዚህ ህዋሳት ከሞቱበት አይተኩለትም።

በገራዶ ጓሮ የምትጭረው ዶሮ ግን ህዋሳቷ ቢሞቱ በሳምንታት ውስጥ አዲስ ታበቅላለች። ሱብሓነላህ! ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በዶሮ ጆሮ ከሞተው ህዋስ አጠገብ ያሉት ደጋፊ ህዋሳት ተለውጠው ቦታውን ይተካሉ። በአጥቢ እንስሳት ግን ይህ ችሎታ ተዘግቷል።

ተመራማሪዎች የተዘጋውን ለመክፈት እየሞከሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ዘረ መል ወደ ደነቆሩ ጊኒ ፒግ የተባሉ እንስሳት ጆሮ በማስገባት አዳዲስ ህዋሳት እንዲበቅሉ አደረጉ፤ እንስሳቱም በመጠኑ ሰሙ። በ2013 በጩኸት በተጎዱ አይጦች ላይ በመድኃኒት ከፊል ውጤት ተገኘ። ይሁንና በሰው ላይ የተሞከረ አንድ የጆሮ መርፌ በ2023 መድኃኒት ከሌለው መርፌ ስላልተሻለ ሙከራው ቆሟል። ስለዚህ «የሞተውን ህዋስ አበቅላለሁ» የሚል ሻጭ ቢመጣባችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ሁሉም የመስማት ችግር ከህዋስ ሞት አይመጣም። ኩክ ወይም መግል ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ታከሙ።

• ጆሮ ውስጥ ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አትጨምሩ።

• ክንድ በሚያህል ርቀት ላለ ሰው ለመናገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ፣ የወፍጮ ቤቱ ወይም የሠርጉ ድምፅ ማጉያ ጩኸት ጎጂ ነው። ሕፃናትን አርቁ።

• እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መርፌዎች ህዋሳቱን ሊጎዱ ይችላሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትወጉ። ታዞላችሁ ጆሯችሁ ቢጮኽ ሳታቋርጡ ወዲያው ለሐኪሙ ንገሩ።

መስማት አላህ የሰጠን አማና ነው። ዶሮዋ ዳግም ታበቅለዋለች፤ እኛ ግን ያለንን እንጠብቅ። ወሏሁ አዕለም።