ቫይረሱ በሁላችን፣ ቁስሉ በጥቂቶች

ባኮ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በበቆሎ ዝርያዎቿና በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። አምቦን አልፎ ወደዚያ ለሚወርድ መንገደኛ ፀሐይና ትንኝ አዲስ አይሆኑበትም። እዚህ ከምንዳስሳቸው የቆዳ ሕመሞች አንዳንዶቹን እነዚህ ሁለቱ ይቀሰቅሷቸዋል፤ የሁሉም ሥር ግን ኤፕስታይን-ባር የተባለ ቫይረስ ነው።

የቫይረሱ ታሪክ የሚጀምረው ከጎረቤታችን ከኡጋንዳ ነው። ካምፓላ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ አደገኛ ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1958 በጽሑፍ አስተዋወቀ። በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በመኪና እስከ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ ሲያጣራ፣ ዕጢው የሚበዛው ሙቀትና ዝናብ ባለበት፣ ወባ በጸናበት ቆላ እንደሆነ ተረዳ። በ1964 ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር ከኡጋንዳ ወደ ለንደን በተላከ ናሙና ውስጥ ቫይረሱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። ዛሬ ከዓለም አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቫይረሱን ይዘውታል። የሚተላለፈው በምራቅ ነው። እንደኛ ባሉ አገሮች አብዛኛው ሰው የሚያዘው ገና በሕፃንነቱ፣ ምንም ሳይታወቀው ነው። ከዚያ በኋላ ቢ ሴል በሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ውስጥ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ሰውነትም ተቆጣጥሮት ይኖራል።

ችግሩ የሚመጣው ቁጥጥሩ ሲላላ፣ ወይም ቫይረሱ ልማዱን ትቶ ቲ ሴልና ኤንኬ ሴል ወደሚባሉት ሲገባ ነው። የተያዙት ሴሎች ይራባሉ፤ ቆዳ ውስጥም ይሰፍራሉ። እንዲህ ዓይነቱ ሕመም በብዛት የተመዘገበው በጃፓን፣ በኮሪያ፣ በቻይና እንዲሁም በሜክሲኮ፣ በጓቲማላና በፔሩ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ነው። ይህም የዘር ውርስ ድርሻ እንዳለው ያመለክታል።

ከሁሉ ጎልቶ የሚታወቀው ሃይድሮአ ቫክሲኒፎርሜ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ባዛን በ1862 የገለጸው ይህ ሕመም በአብዛኛው ልጆችን ይይዛል። ፀሐይ የነካው ፊት፣ ጆሮ፣ የእጅ ጀርባ ውሃ ይቋጥራል፤ መሃሉ ይጠቁርና ቅርፊት ይሠራል፤ ሲድን እንደ ፈንጣጣ የጎደጎደ ጠባሳ ይተዋል። ከቫይረሱ ጋር ያለው ዝምድና የታወቀው ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1999 ቫይረሱን ከቁስሉ ውስጥ ካገኙት በኋላ ነው። በአንዳንዱ ልጅ ጉርምስና ሲመጣ ይተወዋል። በሌላው ግን ፊት ያብጣል፣ ትኩሳት ይመላለሳል፣ ጉበትና ጣፊያ ያድጋሉ፤ ቁስሉም በልብስ ወደተሸፈነው ገላ ይዛመታል። ወደ ሊምፎማ፣ ማለትም ወደ ሊምፍ ሴሎች ካንሰር፣ ሊያድግ የሚችለው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ሊምፎማ ብሎ መድቦት የነበረውን በ2016 ስያሜውን ያለዘበውም ሕመሙ ከቀላል እስከ ገዳይ የተዘረጋ ስለሆነ ነው። ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል፤ በቀላሉ ለታመመ ልጅ ካንሰር የሚል ስም መለጠፍ ለከባድ የኬሞ ሕክምና ሊዳርገው ይችላልና።

በእኛ ዘንድ ፀሐይ ላይ ውሎ ከንፈሩ ወይም ፊቱ ውሃ የቋጠረ ልጅ ምች መታው ይባላል፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ይቀባል። ምች የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በሄርፐስ ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ፀሐይ በነካው ቁጥር የሚመለስና ጠባሳ እየተወ የሚሄድ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነውና ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሁለተኛው ሕመም የትንኝ ንክሻ የሚቀሰቅሰው ነው። ትንኝ ቫይረሱን አታስተላልፍም። ነገር ግን ቫይረሱ ኤንኬ ሴሎቹን በያዘበት ልጅ ላይ ምራቋ ድንገተኛ ቁጣ ያስነሳል፤ የተነከሰው ቦታ ያብጣል፣ ይቋጥራል፣ ይጠቁርና ይቆስላል፤ ከፍተኛ ትኩሳትና ንፍፊት ይከተላል። ወባ ባለበት አገር ትኩሳቱ በቀላሉ ለወባ ይሰጣል። የደም ምርመራው ወባ የለም ካለና ንክሻው ከጠቆረ፣ ሐኪሙ ወደዚህ ማሰብ አለበት።

በአዋቂዎች ላይ የሚታዩት ሌላ መልክ አላቸው። በ2010 የተገለጸው የአፍና የቆዳ ቁስል በአረጋውያንና እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ መከላከያ አዳካሚ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ይድናል። ፕላዝማብላስቲክ ሊምፎማ ግን ክፉ ነው፤ በ1997 ኤች.አይ.ቪ. ባለባቸው ሰዎች አፍ ውስጥ ታየ፣ ቆዳም ላይ ይወጣል። አፍንጫን ሰርስሮ ወደ ቆዳ የሚሻገረው የኤንኬ/ቲ ሴል ሊምፎማም አለ። በደጋችን ቁንጭር አፍንጫንና ፊትን ስለሚያበላሽ ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል።

የሚለያቸው ባዮፕሲ ነው። የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ብቻውን ብዙም አይነግረንም፤ አብዛኛው ሰው ቫይረሱን ይዞታልና። ከቁስሉ ቁራሽ ተወስዶ ፓቶሎጂስት ያየዋል፤ ኢበር የተባለው ምርመራም ቫይረሱ በየትኛው ሴል ውስጥ እንዳለ በቀለም ያሳያል። ከባዮፕሲ በፊት ስቴሮይድ መስጠት ሊምፎማን ሊሸፍን ይችላል። ሕክምናውም እንደ ደረጃው ነው፤ ለቀላሉ ከፀሐይ መከለል፣ አጎበርና ክትትል፤ ሥር ለሰደደው የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ።

ከባኮ ተነስቶ መንገዱ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ተቋቁሞ ዛሬ ብዙ የቆዳ ሕሙማንን ወደሚያክመው አለርት ያመራል። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሆይ፣ በቅባት ያልዳነ፣ እየተመላለሰ ጠባሳ የሚተው ወይም ትኩሳት የሚያስከትል የልጅ ቁስል ስታዩ ሌላ ቅባት ከማዘዝ ይልቅ ለባዮፕሲ ላኩት።