ጎልማሳን ከሩቅ ስለ ማስተማር

ሕፃን የሚማረው ወደ ፊት ይጠቅመኛል ተብሎ ነው፤ ጎልማሳ ግን የሚማረው ዛሬ ለገጠመው ችግር መፍትሔ ለማግኘት ነው። በዘመናችን አስተማሪና ተማሪ ሳይተያዩ በስልክና በኢንተርኔት መማማር ስለ ተቻለ፣ እንዲህ ያለው ትምህርት ለጎልማሳ እንዴት መሰናዳት እንደሚገባው የቆቦን ገበሬ ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

በራያ ቆቦ ሜዳ ዋናው እህል ማሽላ ነው፤ የማሽላም ብርቱ ጠላት አቀንጭራ ነው። ይህ አረም ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል፤ ጉዳቱንም የሚጀምረው ከመሬት ብቅ ብሎ ሳይታይ ነው። አንዲቱ አቀንጭራ እንደ ትቢያ የደቀቀ ብዙ ሺሕ ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቈያል። ይሁን እንጂ መከላከያ አልታጣለትም። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮችን በማስገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ለአገራችን ገበሬ ከቀረቡት ከእነዚህ ዘሮች አንዱ «ጎቢዬ» ይባላል። ዝናሙን በትልም መካከል ይዞ ማስቀረትና ማዳበሪያ ሲታከሉበት ጥቅሙ ይበልጣል።

እንግዲህ ይህ ዕውቀት ከገበሬው ዘንድ እንዲደርስ የሚከተሉት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፤ ትምህርቱ ከገበሬው ጥያቄ ይነሣ። «ማሽላዎ መሬቱ እርጥብ ሳለ ስለ ምን ጠወለገ?» ብሎ የሚጀምር ትምህርት ጆሮን ይከፍታል። ጎልማሳ ብዙ የሚያውቅ ሰው ነውና እንደ ሕፃን ሊነገረው አይገባም።

ሁለተኛ፤ ትምህርቱ አጭርና ጊዜውን የጠበቀ ይሁን። ስለ ዘር ምርጫ ከመዝራት በፊት፣ ስለ ነቀላ አረሙ ከማበቡ በፊት ይነገር። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ አገልግሎት ገበሬው ደውሎ ቍጥር በመጫን ስለሚያመርተው እህል በቋንቋው እንዲሰማ ያደረገ ነው፤ በዚህ ዐይነት ፊደል ያልቈጠረም ሰው ይማራል። በማሽላው ማሳ የሚያርሙት ሴቶችም ናቸውና፣ ስልኩ በባል እጅ ብቻ ከቀረ ትምህርቱ ከምትነቅለው እጅ አይደርስም።

ሦስተኛ፤ ጎልማሳው ብቻውን እንዳይማር ይሁን። አንዱ አቀንጭራውን ነቅሎ ጎረቤቱ ቢተወው፣ ጎርፍና ነፋስ ዘሩን መልሰው ያመጡበታል። በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1965 ገበሬዎች በየመንደሩ ተሰብስበው ራዲዮ ያዳምጡ፣ በሰሙት ላይ ይወያዩ፣ የደረሱበትንም አሳብ ጽፈው ይልኩ ነበር። መሪ ቃላቸውም «አንብቡ፣ አዳምጡ፣ ተወያዩ፣ አድርጉ» የሚል ነበር። ሕንድም ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1956 በፑኔ አካባቢ ሞክራዋለች። ለእኛም ደቦው አለልን፤ አንድ ስልክ በመካከል ተቀምጦ ዐሥር ጎረቤት ሊያስተምር ይችላል።

አራተኛ፤ ተማሪው መልሶ የሚጠይቅበት መንገድ ይኑረው። የሚናገር እንጂ የማይሰማ አስተማሪ ስሕተቱን አያርምም። የሰሪንቃ የምርምር ማዕከልን ወይም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጥያቄው ሊደርሳቸው፣ መልሳቸውም ለሁሉ ሊነገር ይገባል።

አምስተኛ፤ መሥመር ቢቋረጥም ትምህርቱ አይቋረጥ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ በእርሱ ብቻ የተመሠረተ ትምህርት ሁሉ ቆሞ ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ በስልክ ውስጥ ተቀርጾ የሚቀመጥ፣ በራዲዮም የሚነገር፣ በወረቀትም የሚታተም ይሁን።

እንዲህ ያለውን ትምህርት የምታሰናዱ ሁሉ፣ ስንት ሰው ስልኩን ከፍቶ አዳመጠ ብላችሁ በመቍጠር ብቻ ሥራው ተፈጸመ አትበሉ። በመከር ጊዜ ወደ ማሳው ወርዳችሁ፣ አቀንጭራው ሳያብብ የተነቀለበት መሬት ስንት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ያልነቀለውም ገበሬ ስለ ምን እንዳልነቀለ ሳትቈጡ ስሙትና የሚቀጥለውን ትምህርት ከእርሱ መልስ ጀምሩ።