ኮሮና አለፈ፣ የጉበቱ ወረቀት ግን ኪስ ውስጥ ቀረ

በ2014 ዓ.ም. ለመስቀል እንደ ልማዳችን ከአዲስ አበባ ተነስተን ቡታጅራ ገባን። ክትፎው ቀርቧል፣ ቆጮው ተቆርጧል፤ የአጎቴ ሳህን ግን ባዶ ነበር። ምን ሆነው ነው ብዬ ስጠይቅ ባለቤታቸው ቀድመው፣ «ኮሮናው ጉበታቸውን ነክቶባቸዋል፤ ቅቤ አይቀምሱም» አሉኝ። ማን እንደከለከላቸው ግን የሚነግረኝ አልተገኘም። ይልቁንም አንድ ዘመድ ከወልቂጤ «የወፍ መድኃኒት» አምጥቶላቸው ሊጀምሩ ተዘጋጅተዋል።

አጎቴ ከኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ስለሆንኩ በየበዓሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይዘረጋልኝ ቀርቶ አያውቅም። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ታመው ሆስፒታል ተኝተው፣ ኦክስጅን በሚሰጣቸው ሳምንት የተሠራ የደም ምርመራ ውጤት ነው። ኤስጂኦቲ 96፣ ኤስጂፒቲ 71 ይላል፤ በሁለቱም ጎን ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ተሥላለች። አየሁትና ሳቅሁ። «ጋሼ፣ ይሄ የኮሮናው ነው፣ አልፏል፤ ይብሉ» አልኳቸው። መድኃኒቱም ተጣለ፣ እሳቸውም በሉ።

ምክሬ ግማሹ ትክክል ነበር። ይህን የምጽፈው ስለ ሌላው ግማሽ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ቁጥሮች ምንድን ናቸው? ሁለቱ በሴሎች ውስጥ የሚኖሩ ኢንዛይሞች ናቸው። ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ ላቦራቶሪውም የፈሰሰውን ይለካል። የላይኛው ጣሪያ እንደየላቦራቶሪው ቢለያይም በአብዛኛው 40 አካባቢ ነው። ኤስጂፒቲ በብዛት የሚገኘው ጉበት ውስጥ ሲሆን ኤስጂኦቲ ግን በጡንቻና በልብም ውስጥ አለ። ስለዚህ ትኩሳትና ቁርጥማት ጡንቻውን ያደቀቀው ሰው ጉበቱ ደህና ሆኖ ሳለ ኤስጂኦቲው ከፍ ሊል ይችላል። በነገራችን ላይ «የጉበት ሥራ ምርመራ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ጉበት ሥራውን መሥራት አለመሥራቱን በተሻለ የሚናገሩት አልቡሚን፣ ቢሊሩቢንና የደም መርጋት ፍጥነት ናቸው። የአጎቴ ወረቀት ላይ ከሦስቱ አንዱም አልነበረም።

ኮቪድ እነዚህን ቁጥሮች ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀው ገና ከመነሻው ነው። በቻይና ሆስፒታሎች በታከሙ 1,099 ሕሙማን ላይ የተሠራውና በየካቲት 2012 ዓ.ም. የታተመው ጥናት፣ ከተመረመሩት መካከል ከአምስቱ በአንዱ ኢንዛይሞቹ ከመደበኛው በላይ መሆናቸውን አሳይቷል። በኋላ የወጡ ዘገባዎች ደግሞ ከዚያ ያነሰም፣ ከግማሽ በላይ የሚደርስም አግኝተዋል።

መንስኤው አንድ አይደለም። ሳንባ ሲታመም ደም የሚሸከመው ኦክስጅን ያንሳል፤ ብዙ ደም የሚያልፍበት ጉበትም ይራባል። ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያስነሳው ብግነት ጉበቱንም ይለበልበዋል። የቀኝ ልብ ሲደክም ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበት በር የሐሞት ቱቦን በሚሸፍኑ ሴሎች ላይም ይገኛል፤ ሆኖም ቫይረሱ ጉበቱን በቀጥታ ማጥቃቱ ከተቀሩት ምክንያቶች ያነሰ ድርሻ እንዳለው ነው የሚታመነው።

መድኃኒትም አለ። በዚያን ጊዜ ይሞከሩ ከነበሩት መካከል ሎፒናቪር-ሪቶናቪርና ሬምዴሲቪር የጉበት ኢንዛይሞችን ከፍ ያደርጋሉ። ከመጠን በላይ የተወሰደ ፓራሲታሞልማ የታወቀ የጉበት ጠላት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሕመምተኛው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ከመድኃኒት ቤት አዚትሮማይሲን፣ ከጓሮ ዳማከሴ፣ ከጎረቤት ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ጭማቂ ወስዶ ይመጣል። ሲጠየቅ ግን ምንም አልወሰድኩም ይላል። ሐኪም ይቆጣኛል ብሎ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እንቆጣለን።

ባጠቃላይ በኮቪድ ጊዜ የሚታየው ጭማሪ መጠነኛ ነው፤ የበሽታውን ክብደት ይጠቁማል፤ ሰውየው ሲያገግም ቁጥሩ አብሮ ይወርዳል። ለአጎቴ «አልፏል» ያልኩትም ለዚህ ነበር።

ያልጠየቅሁት ግን፦ ከዚያ በፊት የጉበት ምርመራ አድርገው ያውቃሉ? አያውቁም ነበር። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ጉበታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በኮቪድ አልጋ ላይ ነው። እንደ እሳቸው ያለው ሰው ብዙ ነው። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከመቶ ሰዎች ሰባት ያህሉ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደማቸው ውስጥ ይገኛል። መከላከያው ከአምስት በሽታዎች ክትባት ጋር ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። በዚህ ላይ የጫት ነገር አለ። በሐረር ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት አዘውትሮ መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። ወልቂጤና ዙሪያዋ ጫት ምን ያህል እንደሚበቀልና እንደሚቃም ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ መድኃኒት ኦክስጅን የሚሰጣቸውን የኮቪድ ሕሙማን ሞት እንደሚቀንስ በብሪታንያ ከተረጋገጠ ወዲህ የመደበኛ ሕክምናው አካል ሆኗል። አጎቴንም ያተረፋቸው እሱ ይመስለኛል። ነገር ግን ይህ መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ስለሚያለዝብ፣ ተኝቶ የኖረን ሄፓታይተስ ቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። ለጥቂት ቀናት ሲሰጥ ስጋቱ አነስተኛ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ያይላል። መድኃኒቱን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ ሄፓታይተስ ቢን ለመመርመር ግን ይሆናል።

በ2015 ዓ.ም. መስቀል ስንገናኝ አጎቴ ከስተዋል፤ ድካሙም አልለቀቃቸውም። አሁን አልሳቅሁም። አዲስ አበባ አምጥቼ አስመረመርኳቸው፦ ኤስጂፒቲ አሁንም ከመደበኛው እጥፍ ገደማ ነው፣ ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ፣ ጉበቱም መጠንከር ጀምሯል። ኮቪድ የፈጠረው ሳይሆን ለዓመታት የኖረ ነገር ነው። ኮቪድ ያደረገው ቢኖር ወረቀት ላይ ማውጣት ነበር፤ እኔ ደግሞ ወረቀቱን አጥፌ ኪሳቸው መለስኩት። ቴኖፎቪር ጀመሩ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሲመረመሩ ትልቁ ልጃቸውም ቫይረሱ ተገኘበት፤ የቀሩት ተከተቡ።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን ዓለም አቀፍ ድንገተኛ አደጋነት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አንስቷል። በአገራችን በምርመራ የተረጋገጡት ከ500 ሺህ በላይ፣ ሞታቸው የተመዘገበው ደግሞ ከ7,500 በላይ ናቸው። በሆስፒታል ተኝተው ከወጡት ስንቶቹ እንዲህ ያለ ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ አላቸው? ቡታጅራ እኮ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገበ የሚከታተል የጤና ጥናት የተቋቋመባት አካባቢ ናት። ከኮቪድ የዳነን ሰው ከሦስት ወር በኋላ ጠርቶ ሁለት ቁጥር መለካት ያን ያህል የሚከብድ አልነበረም።

ወረቀቱ ያለው ሰው ኢንዛይሞቹን ያስደግም፤ ዋናው ግን ሄፓታይተስ ቢና ሲን መመርመር ነው፤ ፈጣን ምርመራው በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱን ይናገራል። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ጉበቴን ነካኝ» ብሎ በራሱ እንዳያቋርጥ፤ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ ይሂድ።

አጎቴ አሁን ደህና ናቸው፤ በየስድስት ወሩ ይመረመራሉ። ክትፎውን አልከለከልኳቸውም። የከለከልኳቸው አረቄውን ነው፤ በየመስቀሉ የምንጨቃጨቀውም በእሱ ነው።