ሰሊጥ እንደሚመዘን ፌሮም ይመዘን

የመተማ ገበሬ ሰሊጡን ያለ ሚዛን አይሸጥም፤ ነጋዴውም ያለ ሚዛን አይገዛም። ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ ለመማሪያ ክፍል ወይም ለውኃ ማጠራቀሚያ የሚውለው ፌሮ ብረት ግን ብዙ ጊዜ በቁጥር ተገዝቶ በቁጥር ይገባል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ወገኖች በመተማ ዮሐንስ በኩል ስለሚገቡ በአካባቢው አገልግሎት ፈላጊው በርክቷል። በምዕመናን መባ የሚገዛ ብረት እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚመረመር ማወቅ ለሰበካ ጉባኤና ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አባላት ተገቢ ነው።

ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው። ስበቱን የሚሸከመው በውስጡ የተቀበረው ፌሮ ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ በሰፊው የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱን በአንድ ወገን ሲያነሣ በሌላው ሲያወርድ ፌሮው ቀጭን ከሆነ ስንጥቁ ወደ ግድግዳው ይዘልቃል።

በአቃቂና በቢሾፍቱ አካባቢ ያሉትን ጨምሮ የሀገራችን ፋብሪካዎች ከውጭ የመጣ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ዘንግ ይጠቀማሉ፤ ወይም ቁርጥራጭ ብረት አቅልጠው ዘንጉን ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ዘንጉ እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ግሎ በተከታታይ መዳመጫዎች መካከል ሲያልፍ እየቀጠነ ይረዝማል። የመጨረሻው መዳመጫ ኮንክሪቱን ቆንጥጠው የሚይዙትን ሸንተረሮች ያትምበታል። በዘመናዊ ፋብሪካዎች የጋለው ፌሮ ወዲያው በውኃ ይቀዘቅዛል፤ በዚህም ላዩ ይጠነክራል፣ ውስጡ ግን ሳይሰበር የመታጠፍ ባሕርዩን ይይዛል። ከዚያም በ12 ሜትር ይቆረጣል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በመዳመጫዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ከጠበበ ከአንድ ዘንግ ብዙ፣ ነገር ግን ቀጫጭን ፌሮ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ፌሮን በእሳት አግሎ ማጠፍ ወይም ማቃናት በውኃ የተገኘውን ጥንካሬ ያጠፋል። ከአዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መተማ የሚደርስ ፌሮ ለጭነት እንዲመች ከመካከሉ ታጥፎ ሊመጣ ይችላል፤ የታጠፈውን ቦታ ቆርጦ ማውጣት እንጂ በእሳት ማቃናት አይገባም።

ሸንተረሩ ዓይንን ስለሚያታልል የፌሮን ውፍረት በማየት መለየት ያስቸግራል። ሚዛን ግን አያታልልም። ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛትና ለ162 ማካፈል የአንዱን ሜትር ክብደት በኪሎ ይሰጣል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሙሉ ርዝመቱ 10.7 ኪሎ ግራም ያህል፣ ባለ 10 ደግሞ 7.4 ኪሎ ግራም ያህል መመዘን አለበት። ደረጃው ጥቂት ልዩነት ይፈቅዳል። ባለ 12 ተብሎ የተሸጠው 9 ኪሎ ግራም ብቻ ቢመዝን ግን እውነተኛ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ100 ፌሮ የ16ቱ ያህል ብረት ጎድሏል ማለት ነው። ለዚህ ምርመራ ሰሊጥ የሚመዘንበት ሚዛን ይበቃል።

ምስማር የሚሠራው ደግሞ ሳይግል በጠባብ ቀዳዳ እየተጎተተ ከቀጠነ ሽቦ ነው፤ ማሽኑ ይቆርጠዋል፣ ያሾለዋል፣ ራሱንም ይጠፈጥፈዋል። በመተማ ሐሩር ቆርቆሮ ቀን እየተለጠጠ ሌሊት እየተኮማተረ ልሙጥ ምስማርን ቀስ በቀስ ያላላል። ስለዚህ ለጣሪያ ዚንክ የተለበጠ፣ ባለ ቆብና ግንዱ የተጠማዘዘ ምስማር ይመረጣል። ዋና ዋና የጣሪያ እንጨቶች የሚጋጠሙበት ቦታ ግን በብሎንና በዳዶ ቢታሰር ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር ዳዶውን እንደገና ማጥበቅ ይቻላልና።

እንግዲህ የኮሚቴ አባላት ብረት ሲረከቡ ከየዓይነቱ ጥቂት ፌሮ መርጠው ይመዝኑ፤ ቁጥሩንም ክብደቱንም በመረከቢያው ሰነድ ላይ ያስፍሩ። የጎደለውን መመለስ የሚቻለው ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉድለቱን የሚሸከሙት በጣሪያው ሥር የሚቀመጡት ሕፃናት ናቸው።