ሳይቃጠል በቅጠል

ውድ አንባቢ፥ በበጋው መጨረሻ ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ወይም ከዶዶላ ወደ ባሌ ደጋ ወጥተው ያውቃሉን? ወጥተው እንደሆነ ከእግርዎ ሥር የሚንኮሻኮሸውን ደረቅ ሣር፥ ከዳገቱም ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለውን አስታ ሳያዩ አልቀሩም። አስታ እርጥብ ሳለ እንኳ የሚነድ ዕንጨት ነው፤ ለማገዶ የሚፈለገውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ወር ሙሉ ፀሐይ ሲያደርቀው በከረመ አስታ ላይ አንድ ፍም ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

በ1992 ዓ.ም. ከየካቲት ወር ጀምሮ በባሌና በቦረና የተነሣው እሳት ከ100,000 ሄክታር በላይ ደንና ቁጥቋጦ በላ። ገበሬው፥ ወታደሩ፥ ትምህርቱን ትቶ የዘመተው ተማሪ ሳይቀር ተረባረበ። ከደቡብ አፍሪካ፥ ከጀርመንና ከአሜሪካም ባለሙያዎች መጡ። በመጨረሻ ነገሩን የገላገለው ግን በአብዛኛው የበልጉ ዝናም ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የስሜን ሆነና ዋልያና ጭላዳ በሚኖሩበት ተራራ ላይ እሳት ተለቀቀ። ያን ጊዜ ውኃ የሚረጭ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፥ የእሳት አደጋ ባለሙያዎችም ከእስራኤል እስኪመጡ ድረስ የአካባቢው ሰው ገደል ለገደል እየተንጠላጠለ በቅጠልና በአፈር ሲታገል ሰነበተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እሳት እንደ ሰው ዳገት አይደክመውም፤ እንዲያውም ዳገት ይወዳል። ነበልባሉ ከበላዩ ያለውን ሣር አስቀድሞ እየጠበሰ ስለሚያደርቀው፥ ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ወደ መሆን ይደርሳል። ስለዚህ ከእሳቱ በላይ ቆሞ ቅጠል የሚያወዛውዝ ጀግና ሕይወቱን አሲዞ ይጫወታል ማለት ነው። እሳቱ በተነሣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ሃያ ሰው የሚያጠፋውን፥ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሺህ ሰው ላያጠፋው ይችላል።

ታዲያ እሳቱን የሚለኩሰው ማን ነው? ማር ቆራጩ ንቡን በጭስ ሲያባርር ችቦውን ይጥላል፤ ከሰል አክሳዩ ጉድጓዱን ሳያዳፍን ይሄዳል፤ ገበሬው ማሳውን ሲመነጥር ነፋስ ይቀድመዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚወቀሰው ግን እረኛው ነው። እኔም እንደ ብዙ ከተሜ ሰው እረኛው የሚያቃጥለው ባለማወቅ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በባሌ ደጋ ላይ ጥናት ያደረጉ ሰዎች እንደጻፉት፥ እረኛው አርጅቶ የገነነውን አስታ የሚያቃጥለው ለከብቱ ለጋ ግጦሽ እንዲበቅል፥ ጅብም መሸሸጊያ እንዲያጣ ብሎ ነው። ደግሞም ዕወቁልኝ፤ በቅርብ ጊዜ ተቃጥሎ እንደገና ያቆጠቆጠ ወጣት አስታ እሳት አይይዝም። ስለዚህ አንዱ ቦታ ወጣት፥ ሌላው ሽማግሌ ሆኖ እንደ ጥልፍ የተዥጎረጎረ ተራራ እሳቱን ራሱ ያቆመዋል።

አሁን በየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣውን ደብዳቤ ያስቡ። «እሳት ማቀጣጠል በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ አንድ ቅጂ ለመዝገብ ቤት ይሄዳል። (ይህን የሚያነብ ወጣት ጸሐፊ ፈገግ ቢል አልፈርድበትም።) ከዚያ በኋላ እረኛው ማቃጠሉን አይተውም፤ የሚተወው እሳቱን መጠበቁን ነው። ቀድሞ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ፥ ዝናም መቅረቡን አይቶ ያነድ የነበረው ሰው፥ አሁን በስውር ለኩሶ ይሸሻል፤ ቆሞ ቢገኝ ይታሰራላ! ተራራውም በሙሉ አንድ ዐይነት ያረጀ ማገዶ ሆኖ ይጠብቃል። ከስሜን የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረው ነበር። ከብት ያልጋጠው ሣር ማደጉ ለዋልያው ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ረዥም ደረቅ ሣር ለእሳትም ቀለብ ነው። መንደር በሌለበት ደግሞ ጭሱን ቀድሞ የሚያይ ዐይን ያንሳል።

ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳዩት የአዳባና የዶዶላ ሰዎች ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያ «ዋጂብ» የተባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበሮች ተቋቋሙ። እስከ 30 የሚደርሱ አባወራዎች አንድ ላይ ሆነው ወሰኑ የታወቀ ደን ተረከቡ፤ በውል መሠረት ከደኑ ይጠቀማሉ፥ ደኑንም ይጠብቃሉ። ደን የመንግሥት ብቻ በነበረ ጊዜ ጭስ ያየ ሰው «ዘበኛው የታለ?» ይል ነበር። ውል የፈረመ ሰው ግን የሚቃጠለው የራሱ ጥቅም ነውና ጡሩንባ ያስነፋል።

ነገ ወደ ደጋ ወረዳ ቢመደቡ፥ ወይም ተማሪ ሆነው ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰብዎ ቢሄዱ፥ ሥራው ያለው በመጋቢት ሳይሆን በኅዳር ነው። ያን ጊዜ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ለወሬ ጊዜ አላቸው። በዚህ ዓመት የቱን ቦታ ማቃጠል እንደሚፈልጉ እረኞቹን ራሳቸውን ይጠይቁ። ቀኑና ነፋሱ ታይቶ፥ ጠባቂ ተመድቦ ይነድ ዘንድ ከመስማማት ይሻላል እንጂ በሌሊት ከመለኮስ አይብስም። ደቦ ወጥቶ በጥብቅ ደኑ ዳር ሣሩንና ቁጥቋጦውን እስከ ባዶ አፈር ድረስ ይመንጥር፤ እሳት አፈር አይበላምና። አካፋው፥ ዶማውና ገጀራው በማን ቤት እንደሚቀመጥ፥ ጡሩንባውን ማን እንደሚነፋ፥ አሮጊቶችንና ሕፃናትን በየትኛው መንገድ ማን ይዞ እንደሚወጣ በስም ይነገር። የእድር ዳኛው ይህን ከእኔና ከእርስዎ ይልቅ ያውቅበታል።

ደግሞ አንድ ነገር ሳልነግርዎ ብቀር ቅር ይለኛል። የአስታ እሳት ከላይ የጠፋ ሲመስል ከሥር ቅጠሉ በሰበሰውና ሥሩ ባለበት አፈር ውስጥ እየጨሰ ለቀናት ይቆያል፤ ነፋስ ሲመጣም እንደገና ይነሣል። ስለዚህ ሕዝቡ ደክሞት ወደ ቤቱ ሲመለስ ጥቂት ሰዎች ውኃና ዶማ ይዘው እዚያው ይደሩ፤ በማግሥቱም አመዱን እየቆፈሩ፥ የእጃቸውን ጀርባ ወደ አፈሩ እያስጠጉ ሙቀቱን ይፈትሹ።